ያልደረሰችላቸው

ባልደረቦቿ «ሲስተር ቀስ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በተቀጠረች በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ቀልደኛ ሐኪም «ሲስተር ቀስ ለሕፃን ክትባት ልትሰጥ ስትዘጋጅ ልጁ ጢም አብቅሎ ይነሳል» ብሎ የነርሶቹን ክፍል በሳቅ ካፈረሰው ወዲህ ተጣበቀባት፣ አልለቅም አለ። እሷም አልተቀየመችም። በውስጥ ደዌ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍል ሰዎችና ባሏ ብቻ ነበሩ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ቀስ የምትለው እጇ ሰንፎ አልነበረም። ሌላው ሦስት ቦታ ወግቶ ደም ሥር ያጣበትን ክንድ እሷ በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ በአንዴ ታገኘዋለች። የምትዘገየው ከሰውየው ጋር ነው። መድኃኒቱን አቀብላ ውልቅ አትልም። ወንበር ትስባለች። «ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» ብላ ትጠይቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ትሰማለች፤ መልሱ አንዳንዴ ከሆድ ሕመም ተነስቶ የጎረቤት አጥር ጋ ይደርሳል፣ እሷ ግን አብራ ትሄዳለች።

ይህን ያስተማሯት አንዲት መምህር ናቸው። በነርሶች ትምህርት ቤት የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ውስጥ «የሰብዓዊ እንክብካቤ ንድፈ ሐሳብ» የሚባል ነበር። የሚሸመደድ የመድኃኒት መጠን ስለሌለው ተማሪው ሁሉ የእንቅልፍ ማካካሻ ያደረገው ትምህርት ነው። መምህሯ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ነበሩ። ጠመኔውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አራግፈው ይጀምራሉ፦

«ስሙኝ። በሽታው የሐኪሙ ነው፣ ሰውየው የእናንተ ነው። ልትገቡ ስትሉ በሩ ላይ ቁሙና አንዴ ተንፍሱ። የቤታችሁን ጣጣ፣ የአለቃችሁን ቁጣ እዚያው ጣሉት፤ ስትወጡ ታገኙታላችሁ፣ ማንም አይሰርቃችሁም። ከዚያ ግቡ፣ በስሙ ጥሩት፣ ቁጭ በሉ። በዚያች ደቂቃ እናንተም እሱም ሁለት ሰዎች ናችሁ። የምትሰጡት እናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ይሰጣችኋል። እንክብካቤ ማለት ያቺ ደቂቃ ናት። የቀረው መርፌ መውጋት ነው፣ መርፌ መውጋት ደግሞ ማንም ይለምደዋል።»

ክፍሉ ሲያንቀላፋ እሷ ትጽፍ ነበር። የጻፈችውን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ኖረችበት።

መጀመሪያ ላይ ይቻል ነበር። በውስጥ ደዌ ክፍል ሠላሳ ሁለት አልጋ ነበረ፣ በየፈረቃው አራት ነርስ ይገባ ነበር። ከዚያ አንዷ ጡረታ ወጣች፣ ምትክ አልመጣም። አንዱ የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ፣ ምትክ «ይመጣል» ተባለ። በሃያኛው ዓመት ላይ በቀን ፈረቃ የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ እሷና «ሞተር» የሚባለው ባልደረባዋ። ሞተር የሁለት ልጆች አባት፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሲራመድ ጋዋኑ ከኋላው እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ ሰው ነው። ሃያ አልጋ ሲያዳርስ እሷ አሥረኛው ላይ ናት። አንድም ቀን ግን ፊት ነስቷት አያውቅም። «አንቺ አውሪያቸው፣ እኔ ልውጋቸው» ይላት ነበር እየሳቀ፤ እንደዚያ እየተደጋገፉ ቆዩ።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው።

አልጋ ሰባት ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ተኝተው ነበር። ጉበታቸው ካለቀለት ቆይቷል፤ ሐኪሞቹ ከሕመም ማስታገሻ በቀር የሚሰጧቸው አልነበረም። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፣ ይመጣሉ ይመጣሉ እየተባለ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። የሆስፒታሉን ጋዋን በሰጧቸው ቀን ስፌቱን ገልብጠው አይተው «ይኼን የሰፋው ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የመጣው» ብለው ክፍሉን ያሳቁ ሰውዬ ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት ግን ቀልድ አልነበረም።

አልጋ ሃያ አንድ ላይ ደግሞ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ስልክ ሲያገናኙ የኖሩ፣ ሳንባቸው ተዳክሞ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ እንኳ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» እያሉ ነርስ የሚጠሩ እናት። የምታስታምማቸው ፀጉር ሠሪ ልጃቸው ነበረች። አራት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ሐኪሙ ሆስፒታሉ ውስጥ የሌለ መርፌ አዘዘላቸውና ልጅቷ ከውጭ ፋርማሲ ልትገዛ ተነሳች። በሩ ላይ ሲስተር ቀስን አገኘቻት።

«ሲስተር፣ እናቴን አደራ።»

«ሂጂ፣ አለሁ» አለቻት።

የኦክስጅኑን ሲሊንደር ጠዋት አይታዋለች። ጠቋሚው ወደ ቀዩ እየተጠጋ ነበር። አመላላሹን ጠርታ ነግራዋለች፤ እሱም «ከግምጃ ቤት እስኪወጣ ነው፣ ከአምስት ሰዓት በፊት አመጣለሁ» ብሏታል። ሞተር አንድ ታካሚ ይዞ ራጅ ክፍል ወርዷል። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበረ ታካሚውን በቃሬዛ በደረጃ ነው ያወረዱት፤ ቶሎ አይመለስም። ሠላሳ ሁለቱም አልጋ የእሷ ነው።

አልጋ ሰባትን ልታልፍ ስትል ልብስ ሰፊው ጋዋኗን ያዙት።

«ልጄ፣ ዛሬ ሰውነቴ ሌላ ሆኖብኛል። ብቻዬን አታስቀሪኝ።»

እዚያው ቆመች። አንዴ ተነፈሰች። በስማቸው ጠራቻቸው፣ ወንበር ሳበች፣ ቁጭ አለች። እጃቸው ቀዝቅዟል፤ አውራ ጣታቸው ላይ መቀስ ያበጀው ጠባሳ መዳፏ ላይ ተሰማት። ስለ መጀመሪያ ደንበኛቸው አወሯት፤ ሱሪ አሰፍቶ አንዱ እግር ያጠረበት ሙሽራ። «ምንም አላለኝም እኮ» አሉ በደከመ ድምፅ፣ «ሠርጉን ሙሉ አንድ እግሩን አጠፍ አድርጎ ቆመ።» ፈገግ አሉ። እሷም ፈገግ አለች። ትንፋሻቸው እየራቀ መጣ፣ ጣቶቻቸው ግን ይበልጥ ጠበቁ። አሁን ብነሳ እኚህ ሰው ምን ይሆናሉ ብላ ተቀመጠች። አምስት ደቂቃ ብቻ ብላ ነበር። በኋላ ሲቆጠር አሥራ ሁለት ሆነ።

«ሲስተር! ሲስተር! እኚህ ሴትዮ!»

የጮኸችው የአልጋ አሥራ ዘጠኝ አስታማሚ ናት። ሲስተር ቀስ ብድግ አለች። እጇ ግን አልመጣ አለ፤ ልብስ ሰፊው ይዘዋታል። «አባባ፣ መጣሁ፣ አሁን መጣሁ» እያለች ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከእጇ አላቀቀችና ሮጠች።

የኦፕሬተሯ ከንፈር ጠቁሯል። የሲሊንደሩ ጠቋሚ ዜሮ ላይ ተኝቷል። የአልጋውን ራስጌ ዝቅ አድርጋ ደረታቸውን መጫን ጀመረች፣ «ሐኪም ጥሩ!» እያለች፣ እየቆጠረች፣ እየተጫነች። ሐኪሙ ደረሰ። ሞተር ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ ደረሰ። ሌላ ሲሊንደር ከጎረቤት ክፍል ነቅለው አመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሉ። ከዚያ ሐኪሙ እጇን ያዘና «ይበቃል፣ ሲስተር» አላት። እሷ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫነች፣ አልሰማችውም ነበርና።

ወደ አልጋ ሰባት ተመለሰች። ልብስ ሰፊው ፊታቸውን ወደ መተላለፊያው አዙረዋል። እጃቸው ከአልጋው ጠርዝ ወጥቶ፣ መዳፉ ተከፍቶ ቀርቷል። እሳቸውም ሄደዋል።

ከማንኛቸውም ጋር አልነበረችም።

ልጅቷ መርፌውን በላስቲክ አንጠልጥላ፣ ከደረጃው ብዛት እያለከለከች ስትገባ ሲስተር ቀስ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። «አገኘሁት! ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ...» አለችና የአንሶላውን አኳኋን አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲስተር ቀስ ለባልደረቦቿ አውርታ አታውቅም። ልጅቷ አልተሳደበችም። «አለሁ ብለሽኝ ነበር» ብቻ ነው ያለችው፣ ደጋግማ፣ የረሳው ነገር እንዳለው ሰው። «አለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

በሳምንቱ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ጠራት። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ውሃ ቀዱላት።

«በእነዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች የት ነበሩ?»

«አልጋ ሰባት።»

«ምን እየሰጡ? መርፌ? ግሉኮስ?»

«ምንም። ቁጭ ብዬ ነበር። እጃቸውን ይዤ።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ቃለ ጉባኤው ሲነበብላት «ምንም ዓይነት ሕክምና ባልሰጠችበት ሁኔታ ተቀምጣ ነበር» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመቷ በአንዲት መስመር ገባ። ምድር ተከፍታ በዋጠቻት ደስ ባላት። ውሳኔው ለስለስ ያለ ነበር፤ ሲሊንደር መዘግየቱ፣ የሰው እጥረቱ፣ ሁሉም ተጠቀሰ፤ እሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ለጊዜው ከታካሚ ክፍል ወጥታ ዕቃ ማምከኛ ክፍል እንድትሠራ ተባለ።

ቤት ውስጥ ባሏ ሊያጽናናት ሞከረ። የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ከእጁ የማይለቅ ግራሶ ያለበት፣ ንግግሩ የተቆጠረ ሰው። እራት ላይ ስለ ልጃቸው ፈተና፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ አወራት። እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ሳህኑን ገፋ አደረገና፦

«አሁን ምን አልኩሽ?»

ዓይኗን ጨፈነች። አታውቅም።

«አየሽ፣ ዛሬ ስላዘንሽ አይደለም» አላት፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ሁልጊዜም እንዲህ ነው። እዚያ ለማታውቂያቸው ሰዎች ጆሮሽን ሙሉ ትሰጫለሽ። እኛ ጋ ሲደርስ እንጥፍጣፊው ነው። አልተናገርኩም፣ ጥሩ ሥራ ላይ ነች ብዬ። አሁን ደግሞ እነሱም ጋ አልቆብሻል። ታዲያ የት ነው ያለሽው?»

ልትቆጣ ፈለገች፣ የምትቆጣበት አቅም አጣች። እውነቱን መሆኑ ነበር ያቃጠላት።

በማግስቱ፣ እሑድ ቀን፣ መምህሯን ፍለጋ ሄደች። በሕይወት መኖራቸውን እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። ከእህታቸው ልጅ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖራሉ፤ ጆሯቸው ከብዷል፣ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው ሰውን ይበሳል። ስሟን ስትነግራቸው አላስታወሷትም። «የምትጽፊው ልጅ ነሽ?» አሉ ቆይተው። «አንዲት የምትጽፍ ነበረች።»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። በመጨረሻ ራሷን መቆጣጠር አቅቷት ጮክ ብላ፦ «በሩ ላይ ቁሚ አሉኝ፣ ቆምኩ። ስማቸውን ጥሪ አሉኝ፣ ጠራሁ። ቁጭ በይ አሉኝ፣ ቁጭ አልኩ። ካሉኝ አንድም አላጎደልኩም። ሁለት ሰው ሞተብኝ!»

ሴትዮዋ የሻርፓቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«እኔ ያስተማርኳችሁ አንድ በሽተኛና አንድ ነርስ ያሉበትን ክፍል ነው» አሉ። «ሠላሳ ሁለት በሽተኛና አንድ ነርስ ያሉበትን አላስተማርኳችሁም። ለምን አትዪኝም? አላውቀውማ። መጽሐፉም ውስጥ የለም። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ወንበርም ጊዜም የነበራቸው ናቸው።»

«እና ውሸት ነበር?»

«አይደለም። ሰውየው እጅሽን ይዞ ስለ ሙሽራው ሲነግርሽ ውሸት ነበር?»

ሲስተር ቀስ ያን ቀን የተያዘውን እጇን አየችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ደስ አይልሽም። ጥፋትሽ መቀመጥሽ አይደለም። ለልጅቷ ‹አለሁ› ማለትሽ ነው። እንደሌለሽ ታውቂ ነበር። አንድ ሰው ሠላሳ ሁለት ቦታ አይኖርም። ‹የለሁም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሌላ ሰው አስቀምጪ› ብትያት ኖሮ ምናልባት ጎረቤት አልጋ ያለችዋን ሲሊንደሩን እንድታይ ትጠይቃት ነበር። እኛ ነርሶች ‹የለሁም› ማለት ያሳፍረናል። ለበሽተኛ መልካም ፊት ማሳየት ብቻ ነው ያስተማርኳችሁ። ይኼን ብጨምርበት ኖሮ...» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳሰሷት።

ልትጽናና ሄዳ ተወግታ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ሰው እያያት፣ ግድ ሳይሰጣት።

ዕቃ ማምከኛ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። መቀስና ወረንጦ እየታጠበ፣ በጨርቅ እየተጠቀለለ፣ እንፋሎት ወዳለበት ትልቅ ማሽን ይገባል፤ ማሽኑ ያፏጫል፣ ይወጣል፣ ይደረደራል። እዚያ ማንም «ቀስ» አላላትም። ዕቃ ሌሊቱን እንዴት አደርክ አይባልም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁሉም የፈጠነች ሠራተኛ ሆነች፣ ኃላፊው አመሰገናት፣ ምስጋናው እንደ ስድብ ዘለቃት። ክብደቷ ቀነሰ። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ መነሳት ያቅታታል። አንድ ቀን ባሏ ጎንበስ ብሎ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረላትና ክንዷን ይዞ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛት።

በሦስተኛው ወር ፀጉር ሠሪዋ መጣች። ጠይቃ ጠይቃ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። ሲስተር ቀስ እጇ ላይ ያለው ወረንጦ ወደቀባት።

«ልጣላሽ አልመጣሁም» አለች ልጅቷ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እናቴ መጨረሻ ላይ ምን አለች? ማንን ጠራች?»

ሲስተር ቀስ ልትዋሽላት ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ «አንቺን ጠሩ፣ በሰላም ሄዱ።» ማን ይመሰክርባታል? ልጅቷም ዓይኗ ያንን ነበር የሚለምነው።

«አላውቅም» አለች። «አጠገባቸው አልነበርኩም። ስደርስ አልፈው ነበር።»

«ማንም አልነበረም?»

«ማንም። አለሁ ስልሽ እንደማልኖር አውቅ ነበር። ይቅርታ በይኝ አልልሽም። እውነቱን ግን አልነሳሽም።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራተተችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሲስተር ቀስም ወንበር አልፈለገችም፣ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማሽኑ ያፏጫል። አልተቃቀፉም። ልጅቷ እናቷ ቤት ውስጥ ስልክ ሲጮህ ማንም ሌላ እንዳያነሳው እንዴት ይከለክሉ እንደነበር አወራች፤ ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። ዳግመኛ አልመጣችም። ይቅር ትበላት አትበላት ሲስተር ቀስ እስከ ዛሬ አታውቅም።

በአራተኛው ወር ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል መለሷት። ምሕረት አልነበረም፤ ሁለት ነርሶች በአንድ ሳምንት ለቅቀው ነው። በዚህ ጊዜ እሷም ሮጠች። ፈራች እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ወንበር አልሳበችም። ሲሊንደር ታያለች፣ ትወጋለች፣ ትጽፋለች፣ ትሮጣለች። «ሲስተር፣ ፈጠንሽ እኮ!» አላት ሞተር ከልቡ ደስ ብሎት፤ «አሁን ቤት ገብቼ ልጆቼን ሳይተኙ አያለሁ።» እሷም ሳቀችለት።

አንድ ሐሙስ ሐኪሙ አልጋ አሥራ አንድ ጋ ቆሞ «እኚህ አባት ማን ነበር ስማቸው?» አላት። ሦስት ቀን መድኃኒት ስትሰጣቸው፣ ቁስላቸውን ስታጥብ ከርማለች። ካርዱን አገላብጣ አነበበችለት። ሰውየው ከአልጋው ላይ ሆነው እያዩዋት ነበር። ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና አፏን በፎጣ አፍና ጮኸች።

የዚያን ዕለት ፈረቃ ስታስረክብ እንደ ወትሮው የታተመው ቅጽ ፊቷ ቀረበላት። ከታች አንድ ዓረፍተ ነገር አለው፦ «በዚህ ፈረቃ ለሁሉም ታካሚዎች ተገቢው እንክብካቤ ተደርጓል።» ሥሩ ፊርማ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳታነበው ፈርማበታለች። ያን ቀን አነበበችው። «ለሁሉም» የሚለውን ሰረዘች። ከሥሩ በእጇ ጻፈች፦ «ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ደርሻለሁ። ከዚህ በታች ላሉት አልደረስኩም።» ከዚያ የአሥራ ሦስቱን ሰዎች ሙሉ ስም፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደጎደለ ጻፈች። እኚህ አልተገላበጡም። ለእኚህ ቁስላቸው አልተቀየረም። እኚህን አላነጋገርኳቸውም፣ ከትናንት ጀምሮ እያለቀሱ ናቸው። የአልጋ አሥራ አንዱን ሰውዬ ስም መጨረሻ ላይ ጻፈች፦ «እኚህን ስማቸውን አላውቅም ነበር።»

የነርሶች ኃላፊዋ፣ ሁሉም ሜትሮን የሚሏቸው፣ በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዘው አስጠሯት።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ? ይኼ እኮ ራስሽን መክሰስ ነው! ማስጠንቀቂያ ያለብሽ ሰው ነሽ!»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ሰው ሞቶ ቤተሰቡ ቢከስ ይኼ ወረቀት አንቺን ነው የሚበላሽ።»

«ይብላኝ። ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ አልፈርምም።»

ሜትሮኗ በሩን ዘጉ። መነጽራቸውን አውልቀው የአፍንጫቸውን ሥር አሹ። ያለ መነጽር በጣም የደከሙ ሴት ነበሩ። መሳቢያቸውን ሳቡና የወረቀት ክምር አሳዩዋት፤ «ነርስ ይጨመርልኝ» የሚል የሰባት ዓመት ደብዳቤ። «ሰው ያልጠየቅኩ መሰለሽ?»

«እንግዲያው ይኼንንም አብረው ይላኩት» አለች ሲስተር ቀስ። «በእርስዎ ደብዳቤ ቁጥር ነው ያለው። በዚህ ላይ የሰው ስም አለ።»

በየቀኑ ጻፈች። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ የሚቀጥለው ከሥራ የሚያሰናብት እንደሆነ ተነገራት። ባልደረቦቿ መጀመሪያ ሸሿት። «አንቺ እንዲህ ስትጽፊ እኛ ውሸታም ልንሆን ነው» አለቻት አንዷ ፊት ለፊት። እውነቷን ነበር። ሞተር አንድ ወር ሙሉ ቅጹን እንደ ድሮው ሳያነብ ሲፈርም ቆየ። በኋላ አንድ ቀን ብዕሩን ይዞ ደርቆ ቆመ። «ስንቱን ልጻፍ?» አላት። «ያልደረስክላቸውን» አለችው። ጻፈ። ፊቱ አመድ መስሎ ነው የጨረሰው። «እኔ እኮ ፈጣን ነኝ፣ ሁሉንም አዳርሳለሁ ብዬ ነበር የማስበው» አላት።

ለታካሚዎችም መናገር ጀመረች። «ዛሬ ሁለት ነን። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልደርስብዎትም። አስታማሚዎ ይቺን ጠቋሚ ትይ፤ ቀዩ ጋ ከደረሰ ትጩህ።» አንዳንዱ ተቆጣ። አንዳንዱ አመሰገናት። አንዲት ሴት «ታዲያ እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ?» አለቻት።

ከአምስት ወር በኋላ ከላይ አንድ ነርስ ተጨመረላቸው። ሁለት ወር ሠራች፣ ሲስተር ቀስም በቀን ሦስት አራት ሰው ጋ ወንበር መሳብ ቻለች። ከዚያ ሌላ ክፍል ጎደለ ተባለና ነርሷን ወሰዷት። ወረቀቶቹ ሜትሮኗ ቁም ሣጥን ውስጥ ተከምረዋል፤ መጥቶ ያነበባቸው አለቃ እስካሁን የለም፣ ያባረራትም የለም፤ ቢያባርሯት ማን ሊተካት ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ዝርዝሩ ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ። ሃያ አራት ስም። አንደኛው ያን ቀን ከሰዓት የሞቱ ሰው ናቸው፤ የእሳቸውንም ጻፈች፣ «አጠገባቸው ማንም አልነበረም» ብላ። ተረካቢዋ ነርስ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ከመጀመሪያው ስም ጀምራ ወደ አልጋዎቹ ሄደች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ከድንገተኛ ክፍል ጠሯት።